«ስለዚህ» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ጤናችን ስናወራ ሳንናገር የምናልፋቸው ግምቶች



ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት አይደለም የማወራችሁ። ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ስለዚህ» ስለምትባለው ቃል።

ኢንቦክስ የሚገቡልኝን መልእክቶችና ተመላላሽ ክፍል የምሰማቸውን አባባሎች ሰብሰብ አድርጌ ሳያቸው፣ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው፦

👉 «ምንም አያመኝም፣ ስለዚህ ግፊት የለብኝም።»
👉 «ምርመራው ፖዘቲቭ ነው ተባልኩ፣ ስለዚህ ታይፎይድ ይዞኛል።»
👉 «ስኳሬ ተስተካክሏል፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ላቁም።»
👉 «ተፈጥሯዊ ነው፣ ስለዚህ አይጎዳም።»

ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሰውየውን በእርግጥም አያመውም። ምርመራውም በእርግጥ ፖዘቲቭ ነው። ማንም አልዋሸም። ግን ከመጀመሪያው ግማሽ ወደ ሁለተኛው ስንሻገር የረገጥነው ድልድይ አለ፤ ስሙን ግን ማንም አልጠራውም። በጤና ጉዳይ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እዚህ ድልድይ ላይ ነው። ይሄን ድልድይ ያልተነገረ ግምት እንበለው።

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ስትማሩ «ይሄ ከፈተና ሌላ ለምን ይጠቅመኛል?» ብላችሁ ይሆናል። ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ያልተማራችሁም አትስጉ፣ ትንሽ ከተለማመዳችሁት ቶሎ እጅ ላይ የሚገባ ነገር ነው።

ያልተነገረ ግምት ምንድን ነው?

አንድ ሰው «ሰማዩ ጠቁሯል፣ ስለዚህ ጃንጥላ ልያዝ» ቢል ማንም አይከራከረውም። የተናገረው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰማዩ መጥቆሩንና ጃንጥላ መያዝ እንዳለበት። ያልተናገረው ደግሞ አለ። አንደኛ፣ ሰማይ ሲጠቁር ሊዘንብ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዛሬ ከቤት ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የሚውል ከሆነ ጃንጥላው ምን ያደርግለታል?

አያችሁ፣ ግምት በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ሁሉን ነገር ዘርዝረን እንናገር ብንል ቡና እስኪፈላ አንድ ዓረፍተ ነገር አንጨርስም። ችግሩ የሚመጣው ግምቱ ስህተት ሲሆንና ስህተት መሆኑን የሚያይ ሰው ሲጠፋ ነው። ያልተነገረ ነገር ደግሞ አይታይም፤ ስለማይታይ አይጠየቅም።

እንዴት እናገኘዋለን? 3 እርምጃ

1ኛ፦ መነሻውንና መደምደሚያውን ለዩ። ሰውየው እንደ ማስረጃ የሚነግረኝ ምንድን ነው? እንድቀበለው ወይም እንዳደርገው የሚፈልገውስ ምንድን ነው? «ስለዚህ»፣ «እንግዲህ»፣ «በቃ»፣ «ማለት ነው» የሚሉት ቃላት አጠገብ መደምደሚያ አለ። «ምክንያቱም» ካለ ደግሞ ከኋላው የሚመጣው መነሻ ነው። አማርኛችን ደግሞ አንዳንዴ ነገሩን በሁለት ፊደል ይደብቀዋል። «ስለማያመኝ መድኃኒቱን ተውኩት» ያለ ሰው «ስለዚህ» አላለም፤ ግን ያው ነው፣ «ስለ» የምትለዋ ውስጥ ሙሉ ክርክር ተቀምጧል።

2ኛ፦ መደምደሚያው ላይ ድንገት ብቅ ያለውን አዲስ ነገር ፈልጉ። «ምንም አያመኝም» ላይ ያለው ነገር ሕመም ነው። «ግፊት የለብኝም» ላይ ግን ግፊት የሚባል አዲስ ነገር መጣ። ድልድዩ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት አለበት። ስለዚህ ያልተነገረው ግምት «ግፊት ቢኖርብኝ ኖሮ ያመኝ ነበር» የሚል ነው።

3ኛ፦ ያገኛችሁትን ግምት ገልብጣችሁ ሞክሩት። «ግፊት ቢኖርብኝም ላያመኝ ይችላል» እንበል። አሁን መደምደሚያው ቆሟል ወይስ ወድቋል? ወድቋል። እንግዲያው ትክክለኛውን ድልድይ አግኝታችኋል ማለት ነው።

ይሄ 3ኛው እርምጃ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰውየው ያላሰበውን ነገር አፉ ውስጥ እንዳንከት ይጠብቀናል። ለምሳሌ አንዱ «ያልተነገረው ግምት ግፊት ቀላል በሽታ ነው የሚል ነው» ቢል፣ እንገልብጠው፦ «ግፊት ከባድ በሽታ ነው።» የሰውየው ክርክር ተነካ? አልተነካም። ግፊትን በጣም ከባድ ነው ብሎ የሚያምን ሰውም «አያመኝም፣ የለብኝም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ያ የሱ ግምት አይደለም፣ እኛ የጨመርንበት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስምሩበት። ግምቱን አገኘን ማለት መደምደሚያው ውሸት ነው ማለት አይደለም። መጣራት ያለበት ቦታ የት እንደሆነ ታወቀ ማለት ብቻ ነው። አንዳንዱ ድልድይ ሲፈተሽ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል።

አሁን በየቀኑ ወደምንሰማቸው እንሂድ።

1. «ምንም አያመኝም፣ ስለዚህ ግፊት የለብኝም»

ያልተነገረው ግምት፦ ግፊት ካለ ያማል።

እውነታው፦ አብዛኛው የደም ግፊት ምንም ምልክት የለውም። ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ፣ ሰውየው ሥራውን እየሠራ፣ ኳሱን እያየ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ግፊት አለባቸው፤ ከነሱም 46 በመቶ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ለምን አያውቁም? አብዛኞቹን ስለማያማቸው ነዋ! ለብዙዎች የመጀመሪያው ምልክት ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ጉዳት ሆኖ ይመጣል።

ስለዚህ ግፊትን የሚነግራችሁ ሰውነታችሁ ሳይሆን መለኪያው ነው። ስትለኩ 5 ደቂቃ ያህል ተቀምጣችሁ አረፍ በሉ፣ እግራችሁን መሬት አስነኩ፣ ክንዳችሁ በልባችሁ ትክክል ይሁን። ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

2. «ስኳሬ ተስተካክሏል፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ላቁም»

ያልተነገረው ግምት፦ ቁጥሩ የተስተካከለው በሽታው ስለለቀቀኝ ነው። መድኃኒቱን ብተውም እንዳለ ይቆያል።

ገልብጡት፦ «ቁጥሩ የተስተካከለው መድኃኒቱን ስለምወስድ ነው።» መደምደሚያው ምን ሆነ? ወደቀ ብቻ ሳይሆን ተገለበጠ! ቁጥሩ ጥሩ መሆኑ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ፣ ለመቀጠል እንጂ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ የያዘ ሰው «አልረጠብኩም እኮ፣ ስለዚህ ጃንጥላው አያስፈልገኝም» ብሎ ቢያጥፈው ምን ትሉታላችሁ?

ለግፊትም፣ ለሚጥል በሽታም፣ ለአስም መከላከያ መድኃኒትም ያው ነው። በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ዓይነት 1 የስኳር ታማሚ በራሱ ጊዜ ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ሊደርስ ይችላል። ክብደታቸውን ቀንሰውና አመጋገባቸውን አስተካክለው መድኃኒት የሚቀነስላቸው ዓይነት 2 የስኳር ታማሚዎች አሉ፣ አልክድም። ግን ያ የሚሆነው ከሐኪም ጋር፣ እየተለካ፣ ቀስ እየተባለ ነው።

3. «አሞክሳሲሊን ወሰድኩ፣ ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ስለዚህ እሱ ነው ያዳነኝ»

ያልተነገረው ግምት፦ ባልወስደው ኖሮ አይሻለኝም ነበር።

እውነታው፦ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ጉንፋን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይለቃል። እኛ ደግሞ ፋርማሲ የምንሄደው መቼ ነው? በመጀመሪያው ቀን አይደለም፣ በጣም ሲብስብን በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በሽታው ወደ መሻል ነው የሚሄደው። ስለዚህ በዚያች ቀን የወሰድነው ነገር ሁሉ፣ አሞክሳሲሊንም ይሁን ዳማከሴ፣ ዝንጅብልም ይሁን የዶሮ ሾርባ፣ ምስጋናውን ይወስዳል።

«እሺ፣ ባይጠቅመኝም ምን ይጎዳኛል?» የሚልም አለ። ይሄም ግምት ነው! ያለ አግባብ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ሆድ ያበላሻል፣ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። ነገ ለከባድ የሳንባ ምች በእውነት ስትፈልጉት የማይሠራ መድኃኒት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

(ሐኪም መርምሮ ያዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ ግን በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እንዳታቋርጡ።)

4. «ምርመራው ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚህ ታይፎይድ ይዞኛል»

ይቺ በጣም የተለመደች ናት። ትኩሳትና ድካም ሲኖር ደም ይሰጣል፣ ዋይዳልና ዌልፌሊክስ ይሠራል፣ ወረቀቱ ላይ ፖዘቲቭ ይጻፋል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ያዘኝ» እየተባለ በዓመት 3 ጊዜ የሚታከም ሰው አለ። በነገራችን ላይ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ ይተላለፋል፤ በወረርሽኝ መልክ የሚመጣው ታይፈስ ደግሞ በቅማል።

ያልተነገረው ግምት፦ ምርመራው ፖዘቲቭ የሚሆነው አሁን በበሽታው የተያዘ ሰው ላይ ብቻ ነው።

እውነታው፦ ዋይዳል ባክቴሪያውን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይሄ ደግሞ ከዚህ በፊት በነበረ ኢንፌክሽን፣ በክትባት ወይም በሌሎች ተቀራራቢ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሊኖር ይችላል። ወባ ያለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው፣ የጥናት ውጤት አይደሉም። ትኩሳት ያለባቸው 1,000 ሰዎች አሉ እንበል። ከነሱ ታይፎይድ ያለባቸው 20 ናቸው። ምርመራው ካለባቸው 100 ሰዎች 70ውን ያገኛል፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 20ውን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል እንበል። ከ20ዎቹ ታማሚዎች 14ቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ከቀሩት 980 ሰዎች ደግሞ 196ቱ በስህተት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በጠቅላላ 210 ሰው «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። በእውነት ታይፎይድ ያለበት ግን 14 ብቻ ነው፤ ከ15 ሰው አንዱ!

ትልቁ ጉዳት ያለ አግባብ የተወሰደው መድኃኒት ብቻ አይደለም። ከቀሩት 14 ሰዎች መካከል ወባ ያለበት፣ ቲቢ ያለበት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበት ሊኖር ይችላል፤ «ታይፎይድ ነው» ስለተባለ ግን መፈለጉ ቆመ። ሲቻል የደም ካልቸር የተሻለ መልስ ይሰጣል፤ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰዱ ይመረጣል፣ ውጤቱም ቀናት ይፈጃል። ውጤታችሁን ስትቀበሉ «ዶክተር፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

5. «ተፈጥሯዊ ነው፣ ስለዚህ አይጎዳም»

ያልተነገረው ግምት፦ ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ሰውን አይጎዳም።

ይሄን ለመገልበጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጓያ አለ። ጓያ ፋብሪካ አልገባም፣ ኬሚካል አልተጨመረበትም። ግን በድርቅ ጊዜ ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ፣ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነርቭን ይጎዳል፤ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደ ደምቢያና ፎገራ ባሉ አካባቢዎች ብዙ ሰው የተጎዳበት የታወቀ ችግር ነው። ኮሶም ትልን ያስወጣል፣ እውነት ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ይመርዛል።

በተቃራኒው «ፋብሪካ የሠራው ሁሉ ይጎዳል» የሚለውም ያው ግምት ነው፣ የተገለበጠ ብቻ። ለወባ የምንሰጠው የኮአርተም አንዱ መነሻ አርቴሚሲኒን ከሚባል ነገር ነው፤ እሱም ከተክል ነው የተገኘው። ስለዚህ ጥያቄው ከየት መጣ አይደለም። ምን አለው? ስንት ነው መጠኑ? ከምወስደው ሌላ መድኃኒት ጋርስ ይስማማል? የሚሉት ናቸው። የምትጠጡት የባህል መድኃኒት ካለ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ልንቆጣችሁ አይደለም፣ ማወቅ ስላለብን ነው።

6. «ጨጓራ አለብኝ፣ ደረቴን አቃጠለኝ፣ ስለዚህ ጨጓራዬ ነው»

እዚህች ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ።

ያልተነገረው ግምት፦ ጨጓራ ያለበት ሰው ደረቱን ሲያቃጥለው ከጨጓራ ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

ገልብጡት፦ ጨጓራ ያለበት ሰው የልብ ሕመምም ሊይዘው ይችላል። ይሄ ግልጽ ነገር ነው አይደል? አንድ በሽታ ሌላውን አይከለክልም። የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጡንቻ ደም ሲቋረጥበት የሚመጣው ድንገተኛ ሕመም፣ እንደ ማቃጠል፣ እንደ መጫን፣ አንዳንዴም እንደ ጨጓራ ሆኖ ከእምብርት በላይ ሊሰማ ይችላል። በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎችና በስኳር ታማሚዎች ላይ ደግሞ ከባድ የደረት ሕመም ሳይኖር በድካም፣ በትንፋሽ ማጠርና በማቅለሽለሽ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሕመሙ ድንገት ከመጣና ካልለቀቀ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ ከተሰራጨ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለው፣ እባካችሁ የጨጓራ ሽሮፕ ጠጥታችሁ «እስቲ እስኪነጋ ልየው» አትበሉ። ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ተመርምሮ ጨጓራ ሆኖ ቢገኝ ምን ከሰራችሁ? ምንም። ልብ ሆኖ ቢገኝስ? እያንዳንዷ ደቂቃ የልብ ጡንቻ ናት።

7. «አያቴ ሲጋራ እያጨሱ 90 ዓመት ኖሩ፣ ስለዚህ ሲጋራ አይገድልም»

ያልተነገረው ግምት፦ ሲጋራ የሚገድል ቢሆን ኖሮ የሚያጨሰውን ሁሉ ይገድል ነበር።

ማንም እንደዚያ አላለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው፣ ማጨስ ካላቆሙት መካከል እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ትምባሆ ይገድላቸዋል ነው። ግማሹ ከሞተ ግማሹ ይተርፋል፤ አያታችሁ ከተረፉት መሆናቸው ዕድሜ ይስጣቸው እንጂ ሲጋራውን ነፃ አያወጣውም። ደግሞ አስቡት፣ በ50 ዓመታቸው የሞቱት አጫሾች ቡና ላይ ቁጭ ብለው ታሪካቸውን አይነግሩንም። የምንሰማው ከተረፉት ብቻ ነው።

እኛ ሐኪሞችስ?

ይሄ የታካሚ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕክምናም ራሱ በዚህ ወጥመድ ገብቶ ያውቃል። ለረጅም ጊዜ «ጨጓራ ውስጥ ኃይለኛ አሲድ አለ፣ ስለዚህ የጨጓራ ቁስለት በባክቴሪያ ሊመጣ አይችልም» ተብሎ ይታመን ነበር። ያልተነገረው ግምት «በአሲድ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ የለም» የሚል ነው። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ፐርዝ ከተማ ውስጥ ይሄን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ እያዩ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማሳደግ ቢሞክሩ እምቢ አላቸው። ለምን? ናሙናው በ2 ቀን ካላደገ ይጣል ስለነበር ነው። እዚህም ግምት አለ አይደል? «በ2 ቀን ያላደገ ከዚያ በኋላም አያድግም።» እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ በዓል ሲሆን ናሙናው ሳይጣል ቀናት ቆየ፤ ሲመለሱ ባክቴሪያው አድጎ ተገኘ። ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ነው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት እንደሚያመጣ አሳየ (እናንተ ቤት እንዳትሞክሩት!)፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የሚገርመው አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደናል፦ «ኤች ፓይሎሪ ተገኘብኝ፣ ስለዚህ ሆዴን የሚያመኝ እሱ ነው።» ያልተነገረው ግምት፣ ባክቴሪያው የተገኘበት ሰው ሕመሙ ሁልጊዜ ከባክቴሪያው ነው የሚል ነው። ባክቴሪያው ግን በጣም ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ያለ ሲሆን አብዛኞቹን ምንም አያደርጋቸውም። በተጨማሪም በደም የሚሠራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ከታከማችሁም በኋላ ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። መዳናችሁን ለማረጋገጥ የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል።

አሁን እናንተ ሞክሩ

«ጎረቤቴ ይሄን ክኒን ወስዳ ድናለች፣ እኔንም እንደሷ ነው የሚያመኝ፣ ስለዚህ እሱን ልግዛ።»

ከመቀጠላችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አስቡ። ስንት ግምት አገኛችሁ? እኔ ቢያንስ 3 አገኛለሁ፦

✔ እሷን የሻላት በክኒኑ ነው (ቁጥር 3ን አስታውሱ)።
✔ አንድ ዓይነት ሕመም ከተሰማን አንድ ዓይነት በሽታ ነው ያለብን።
✔ ለሷ ሰውነት የተስማማው ለኔም ይስማማል። እርጉዝ ብሆንስ? ኩላሊቴ የደከመ ቢሆንስ? አለርጂ ቢኖርብኝስ?

እያንዳንዷን ገልብጡ፤ እያንዳንዷ ስትወድቅ «ልግዛ» የሚለው አብሮ ይወድቃል።

ለማስታወስ ያህል፣ ስለ ጤና «ስለዚህ» ስትሉ ወይም ስትሰሙ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ማስረጃው ምንድን ነው? መደምደሚያውስ?
2. በመካከል ያልተነገረው ምንድን ነው?
3. ያ ነገር ውሸት ቢሆን መደምደሚያው ይቆማል?
4. እንዴት ላጣራው? በመለካት፣ በመመርመር ወይም የሚያውቅ ሰው በመጠየቅ?
5. ተሳስቼ ከሆነ የማጣው ምንድን ነው? ጃንጥላ ከሆነ ግድ የለም። ልብ ወይም ኩላሊት ከሆነ ግን ሳይጣራ አይታለፍም።

የመጨረሻ ምክር። ይሄን ተምራችሁ ቤት ውስጥ ሰው ለማሸማቀቅ እንዳትጠቀሙበት። እናታችሁ «አላመመኝም እኮ ልጄ፣ ግፊቱን ምን ልለካ እሄዳለሁ» ቢሉ «ግምትዎ ስህተት ነው» ማለት በር ይዘጋል። «እማዬ፣ ሳያምም የሚኖር ግፊት አለ ይባላል፤ ለኔ ደስ እንዲለኝ አብረን እንለካ?» ብትሏቸው ግን ነጠላቸውን አንስተው ይከተሏችኋል። ዋናው ክርክሩን ማሸነፍ አይደለም፤ መለካታቸው ነው።

ይሄን ጽሑፍ «አያመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» ለሚል ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ቤታችሁ የምትሰሙትን «ስለዚህ» ደግሞ ጻፉልኝ፣ አብረን እንፈታዋለን።

መልካም ጤንነት!